ነቀላ

ከመድኃኒት ቤቱ በላይ፣ አሥራ ዘጠኝ ደረጃ፣
በአንድ እጄ ከዘራዬን፣ በሌላው የመሬቱን ማስረጃ
ይዤ ወጣሁ።
ጠበቃዋ ልጅ እግር ናት፤ እናቷን አውቃታለሁ፣
ለቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ኬክ አብረን ሸጠናል፤
ይሄን ግን አላነሣሁ።

«ወይዘሮ ሲግሪድ» አለችኝ፣ «ሐሳብዎ ገብቶኛል፤
ግን የልጅዎን ስም ሙሉውን መጻፍ ይኖርብናል።
ዝም ብለን ብናልፈው፣
ነገ ዳኛ ፊት ቆሞ ‹ረስታኝ ነው› ቢል ማን ይመልሰው?
የተረሳ ልጅ ይመለሳል፣ ወራሽ ሆኖ በበሩ፤
የሚነቀል ግን በስሙ ነው፣ ተጠርቶ፣ ከነሥሩ።»

እኔ ሞኟ፣ ዝምታ ይበቃል ብዬ ነበር።
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያን ስም ከአፌ ሳላወጣ ስኖር፣
ፖስተኛው ሲጠይቀኝ «ደኅና ነው» ብዬ እያለፍኩ፣
የልደቱን ካርድ እየገዛሁ መሳቢያ ውስጥ እየቆለፍኩ።
(ዘጠኝ ካርድ አለ። አንዱም አልተጻፈበትም።)

«ኢቫር» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።
«ኢቫር ማግኑስ ሌርቮልድ።»
«ፊደሉን አንድ በአንድ ይንገሩኝ።»
አንድ በአንድ ነገርኳት፣
ያኔ ኩሽናው ወለል ላይ በአተር ፍሬ ደርድሬ እንዳስጠናሁት፤
እሱ አንዷን ፍሬ በልቷት፣ ስሙ ጎዶሎ ቀርቶ፣
ስንስቅ፣ ስንስቅ፣ ሃልቨር «ምንድን ነው?» እያለ ከደጅ ገብቶ።

«የተወለደበት ቀን?»
ቀኑንማ! ሰዓቱንም።
መንገዱን በረዶ ዘግቶት፣ በትራክተር ስንጎተት፣
የሐኪሙ ግራና ቀኝ ጫማ ለየቅል እንደነበረ፣ በጥድፊያ የተጫሙት፤
ይሄን አልጠየቀችኝም።
ቀኑን ጻፈች። ነጥብ አኖረች።

«ምክንያቱንስ ልናገር?» አልኳት፤ ጉሮሮዬ ላይ ደርሷል።
«አይሆንም» አለች ቀስ ብላ፣ «ምክንያት ይከሰሳል።
ምክንያት መስኮት ነው፤ ይከፍቱታል በክርክር።
‹አውቄ፣ ሆን ብዬ ነው› ይበቃናል፤ ከዚያ በላይ አንናገር።
አንድ ዶላርም አይተዉለት፤
አንድ ዶላርም ግብዣ ነው።»

ስለዚህ ምክንያቴን መልሼ ዋጥኩት።
እናንተም አትጠይቁኝ።
ባንኩ አውጥቶ ያሳየኝ ወረቀት ላይ
ፊርማዬ እኔ ከምፈርመው ይልቅ ያምር ነበር። ይኸው ነው።

ኑዛዜ ይሉታል ደግሞ!
ኑዛዜ መናገር አልነበር፣ የሆድን ሁሉ ዘርግፎ?
ይሄኛው አፍ መዝጋት ነው፣ በቀለም፣ በማኅተም ታትሞ።

ምስክር ሆኖ የመጣው መድኃኒት ቀማሚው ኦሪን፣
ነጭ ካፖርቱ የሳል ሽሮፕ የሚሸት፣ ሳያነብ ፈረመልን።
«ሥሩ ተነቅሎ አለቀ እንዴ?» አለኝ ክዳኑን ሲገጥም።
ስለ ማሳው ነበር የጠየቀኝ።
«ገና» አልኩት፤ «አልጨረሱም።»

ወደ ቤት ስነዳ መሸ። በዳኮታ ሜዳ ጥቅምት ሌሊት የለውም፤
በመብራት ይነቀላል የስኳሩ ሥር፣ ውርጭ ሳይቀድም።
ጭነት መኪናው በየተራ፣ ጭቃው አስፋልቱን ሞልቶ፤
ከማሳዬ ዳር ቆምኩ፣ ሞተሩ ጠፍቶ።
ነጭ ነው፣ ወፍራም፣ የሕፃን ጭንቅላት የሚያህል፤
ሥሩ ተነቅሎ ሲሄድ ጉድጓዱ በልኩ ይቀራል።
አፈሩ እስኪረሳው
አንድ ዝናብ ይበቃዋል።
ወይ ሁለት።

ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ አንድ ነገር አስጨነቀኝ፦
ለጠበቃዋ ስነግራት፣ ከስሙ አንድ ፊደል ቢያመልጠኝ?
ስሙ ከጎደለ፣ ነቀላው አይጸናም ማለት ነው?
አለዚያስ ለምን ደስ አለኝ?

ከቁም ሳጥኑ አተር አወጣሁ። ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ።
ጻፍኩት። ቆጠርኩት። ደግሜም ቆጠርኩ።
አልጎደለም።

መብራቱን ሳላጠፋ፣ አንዷን ፍሬ አነሣሁና
አፌ ውስጥ አደረግኋት።
ጠንካራ ናት።
አላኘክኋትም።